ሦስት ጊዜ እምቢ ያለች ወረዳ

የተከበሩ ሰዓዳ ይመር ስለ አረጋውያን ያላቸው አቋም የደረሰን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። እሳቸው ገና ቁርስ ላይ ነበሩ። በምክር ቤቱ ክበብ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጠው ፉላቸውን በዳቦ እየጠቀሱ አገኘኋቸውና ሰነዱን ከፊታቸው አኖርኩት። እጃቸውን ጠራረጉ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ብያለሁ?» አሉኝ።

ይህ የሁለታችን ቀልድ ነው። አራት ዓመት ስንሳሳቅበት ኖረናል። እንደራሴ የራሱን ሐሳብ ይዞ ምክር ቤት የሚገባበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። አቋም የሚመጣው ከወረዳ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው ሰሚ የምትባል መሣሪያ ነዋሪውን ትጠይቃለች፤ ነዋሪው ይመልሳል፤ መልሱ ተደምሮ የእንደራሴው አቋም ይሆናል። እንደራሴው በዕጣ የሚወጣ ተራ ሰው ነው። ሰዓዳ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕጣው የወጣላቸው የሰው ቀሚስ ጀምረው ሳለ ስለነበር፣ እሱን ጨርሰው ለባለቤቷ አስረክበው ነው አዲስ አበባ የገቡት።

እኔ አመሳካሪ ነኝ። ሲራክ እባላለሁ፤ ምክር ቤቱ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እንደራሴው ሲናገር ከኋላው ባለች ትንሽ ወንበር እቀመጥና ንግግሩን ከሰነዱ ጋር አመሳክራለሁ። ከአቋሙ ከወጣ ፊት ለፊቴ ቢጫ መብራት ይበራል። መብራቱ ሲበራ ድምፅ ማጉያውን አጠፋለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አሥራ ሰባት ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ በሰዓዳ ላይ ግን አንድም ቀን አላጠፋሁም። አንዲት ቃል ሳይስቱ ነው አራት ዓመት የተናገሩት። በ2088 መስከረም ላይ ለዚሁ ታማኝነታቸው ሜዳሊያ ተሸልመዋል፤ ሜዳሊያውን የት እንዳስቀመጡት ግን ሲጠየቁ ሁልጊዜ ይጠፋቸዋል።

በእነዚያ አራት ዓመታት ያልተናገሩበት ማኅበራዊ ጉዳይ የለም። የለቅሶ አዋጁ ሲመጣ ወረዳቸው ሐይቅ «ሐዘን ሲደርስብዎ ጎረቤት ሦስት ቀን አብሮዎት እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ?» ተብላ ተጠየቀች። «ኧረ ሰው በእኔ ምክንያት ሥራ አይፍታ» አለች። ሰዓዳም እንደዚያው አሉ፤ ሌሎቹም እንደዚያው አሉ፤ አሁን ድንኳን ጠዋት ተተክሎ እኩለ ቀን ላይ ይነቀላል። የአራስ ጥየቃ አዋጅ ሲመጣ እናቶች «ደህና ነኝ፣ ማንም አይድከም» አሉ። አሁን አራስ ለመጠየቅ ፈቃድ ይወጣል። ባለቤቴ ያረፈች ዕለት ድንኳኑን ሊነቅሉ የመጡት ሠራተኞች በጣም ጨዋዎች ነበሩ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ወንበሮቹ ተጣጠፉ፤ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስለዚያ አዋጅ ስጠየቅ እኔም «ሰው አይቸገርብኝ» ብዬ ነበር።

የማክሰኞው ሰነድ አጭር ነው። ረቂቁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን በየቀኑ ቤታቸው እየሄዱ የሚረዱ ተንከባካቢዎችን ያስቀራል። በነሱ ፈንታ ሰሚዋ ታጫውታቸዋለች፣ መድኃኒት ታስታውሳቸዋለች፣ ቢወድቁ ሰው ትጠራለች። ሐይቅ የተጠየቀችው «ሰው በየቀኑ ቤትዎ እየመጣ እንዲንከባከብዎ ይፈልጋሉ?» ተብላ ነው። ከመቶ ዘጠና አንዱ አልፈልግም ብሏል።

ከሰነዱ ጋር ለናሙና የተያያዙ መልሶች አሉ። ሰዓዳ ዳቧቸውን እያኘኩ አንድ ሁለቱን ሰሙ። ሦስተኛው የሽማግሌ ድምፅ ነበር።

«እኔ? ኧረ እኔ ምን ሆኜ! አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ለባሰበት ሰው ይሁን። እኔ አልፈልግም፤ ማንም አይቸገርብኝ።»

ሰዓዳ ሳቁ። «አባቴ ናቸው እኮ! ድምፃቸውን አላወቁትም?» አሉኝ፤ በየት በኩል እንደማውቃቸው እንጃ። ከስሙ ትይዩ «ይመር ሙሄ፣ ሰማንያ አራት ዓመት» ይላል። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ላቀው የሚባል ሰው ነው የሚመጣላቸው» አሉ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። አባቴ ጎንበስ ማለት አይችሉም፤ ለሶላት እግራቸውን የሚያጥብላቸው እሱ ነው። ክርስቲያን ነው፤ የሶላቱን ሰዓት ግን ከሳቸው ቀድሞ እሱ ነው የሚያስታውሰው። በጨው ይጣላሉ፣ በኳስ ይጣላሉ። አባቴ ከአንድ ሰዓት ጀምረው በር በሩን ነው የሚያዩት።»

«ታዲያ ለምን አልፈልግም አሉ?»

«ምን ይበሉ ታዲያ?» አሉና ትክ ብለው አዩኝ። «እፈልጋለሁ፣ ሰው አምጡልኝ ይበሉ? የሰው ቤት ገብተው ምላሳቸው ደርቆ ውኃ ሲሰጣቸው እንኳ አልጠማኝም የሚሉ ሰው ናቸው።»

ክርክሩ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ክርክር የምንለው ከልማድ ነው። አንዱ እንደራሴ እየተነሣ የወረዳውን አልፈልግም ይናገራል፣ ይቀመጣል፣ ቀጣዩ ይነሣል። ዘጠና ምናምን ወረዳ በዚህ ዓይነት አለፈ። ሰዓዳ ተራቸው ደርሶ ተነሡ።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የሐይቅ ወረዳ ሕዝብ ሰው ቤቴ አይምጣ ብሏል» ብለው ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ ከሰነዱ ጋር ይሄዳል። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉት። «አባቴም ብለዋል። ግን ውሸታቸውን ነው! አባቴ ላቀውን ሳያዩ ቁርስ እንኳ —»

ቢጫው በራ። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ማጥፊያውን ተጫነው። ድምፃቸው ተቋረጠ፤ አፋቸው ግን ትንሽ ቆየ። አዳራሹ ውስጥ አምስት መቶ ሰው የአንዲት ሴት ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። ዞር ብለው አዩኝና ተቀመጡ። ያን ጊዜ እጄን ጠላሁት።

መብራት የበራበት ጉዳይ ለሁለት ቀን ይዘገያል። አፈ ጉባኤው ለሐሙስ ቀጥረው በተኑን። ኮሪደሩ ላይ እየሮጥኩ ደረስኩባቸው።

«ሥራዬ ሆኖብኝ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።» ቁጣ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አቶ ሲራክ። ቤቴ ቢመጡና ምሳ ይብሉ ብልዎ ምን ይሉኛል?»

«በልቻለሁ እላለሁ።»

«ባይበሉም?»

«ባልበላም።»

«ኧረ ትንሽ ይቅመሱ ብልዎስ?»

«ጥግብ ብያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።»

«ሦስተኛ፣ እጅዎን ይዤ ‘በሞቴ፣ አፈር ስሆን’ ብልዎስ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እጄን እታጠባለሁ፤ ያውም ደስ ብሎኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሀገሬን መልስ ሳመሳክር ኖሬ፣ ሰው ‘አልፈልግም’ ሲል ገና መጀመሩ እንደሆነ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። እኛ ሰዎቹ አንድ ጊዜ እየተጠየቅን፣ አንድ ጊዜ በጨዋነት እምቢ እያልን፣ ያለንን ሁሉ አንድ በአንድ አስወስደናል። ተናደድኩ። ንዴቱ ሲበርድልኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«አንቀጽ ስድሳ አንድ» አልኳቸው። «እንደራሴ በአቋሙ ላይ የራሱን አይናገርም። በአጠያየቁ ላይ ግን መናገር ይችላል። እስካሁን ማንም ስላልተጠቀመበት ተረስቶ ነው እንጂ ሕጉ አለ። ሕዝቡ ሦስት ጊዜ ይጠየቅልኝ ይበሉ። ሦስተኛው ላይ ‘በሞቴ’ ይባል። እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

ሰዓዳ ክንዴን ያዙኝ። «ወንድሜ!» አሉኝ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ምክር ቤቱ እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ሰዓዳ የምሳውን ነገር እንደነገሩኝ አድርገው አወሩ፤ መብራቱ አልበራም። የማኅበራዊ ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢው፣ የተከበሩ ኩምሳ ረጋሳ፣ ደንዳና ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተነሡ። አክስታቸው ሠርግ ቤት ሄደው እምቢ ሲሉ፣ አጋፋሪው የእውነት መስሎት አልፏቸው፣ ጾማቸውን ተመልሰው እስከ ዛሬ የሙሽራውን ወገን እንደሚያሙ ተናገሩ። ሁሉም የራሱን አክስት፣ የራሱን አጎት አስታወሰ። ለአንድ ሰዓት ያህል የሰው ጉባኤ መሰልን።

ኩምሳ ከመቀመጣቸው በፊት አንድ ነገር ጨመሩ። «ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ሰው መልሱ እርግጠኛ ነው» አሉ። «ስለዚህ ሦስት ጊዜ የተረጋገጠ አቋም ለሃያ ዓመት እንደገና አይከፈት። ሕዝቡን ማሰልቸትም ልክ አይደለም።» በክፋት አልነበረም። ሰዓዳ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ ማን እምቢ ይላል? ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አለፈ።

ጥያቄው በሚቀጥለው ሳምንት በአገሩ ሁሉ ተጀመረ። በዚያ ሳምንት እንደራሴ ወደ ወረዳው አይሄድም፣ አይደውልም፤ ግፊት እንዳይሆን ነው። ሰዓዳ ሰባት ቀን ሙሉ ሥራ የላቸውም ነበርና የክበቡን የጠረጴዛ ልብሶች ጠርዝ እየገለበጡ ሰፉ። «ላቀው ቢኖር ጥሩ ነበር» ይሉኛል በየመሀሉ። «ሲጠይቋቸው እሱ ከክፍሉ እንዲወጣ ይደረጋል አሉ። እሱ ቢኖር ዓይኑን አይተው እምቢ አይሉም ነበር።»

በስምንተኛው ቀን ሰነዱ መጣ። እዚያው ክበቡ ውስጥ፣ በዚያችው ጠረጴዛ ላይ ከፈትነው። ቁጥሩን ሳያዩ የአባታቸውን መልስ እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ፤ አገኘሁት። ምስልም ነበረው።

አቶ ይመር አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ንጹሕ ኮፍያ አድርገዋል፤ እንግዳ እንደሚመጣ ተነግሯቸው ይመስለኛል። ሰሚዋ ከግድግዳው ላይ ጠየቀቻቸው።

«ሰው በየቀኑ ቤትዎ እየመጣ እንዲንከባከብዎ ይፈልጋሉ?»

«ኧረ እኔ አልፈልግም። ደህና ነኝ።»

«ሰው በየቀኑ ቤትዎ እየመጣ እንዲንከባከብዎ ይፈልጋሉ?»

«ምን አስቸገራችሁ፣ ይቅር። ለባሰበት ይሁን።» ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ግድግዳውን በደንብ አዩት። ይጠብቁ ነበር። ለእኔ እንደዚያ ነው የታየኝ፤ ለሰዓዳም እንደዚያው፤ ምክንያቱም ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ሰው በየቀኑ ቤትዎ እየመጣ እንዲንከባከብዎ ይፈልጋሉ?»

ድምፁ ያው ነው። ከፍ አላለም፣ ዝቅ አላለም። የሽማግሌው ፈገግታ ወደ ሐፍረት ተለወጠ።

«ውይ ልጄ፣ በጣም አደከምኩሽ» አሉ። «አልፈልግም አልኩሽ እኮ። በይ በቃሽ፣ ሌላውን ደግሞ ጠይቂ። አንቺስ፣ ቁርስ በላሽ?»

ምስሉ እዚያ ላይ አበቃ። ሰዓዳ አልተቀመጡም። «በሞቴ አላለቻቸውም» አሉ። «ሦስተኛው ላይ በሞቴ አላለቻቸውም። ጽፈንበት አልነበረም እንዴ?»

ጽፈንበት ነበር። በእጄ ነው የጻፍኩት። የሕግ ክፍሉ ግን ሰርዞታል፤ ምክንያቱም ከኅዳጉ ላይ በንጹሕ ፊደል ተጽፏል። ሰሚ ስለማትሞት በሞቷ ብትምል ሐሰተኛ መሐላ ይሆናል፤ የመንግሥት መሣሪያ ደግሞ በሐሰት እንዲምል ሕግ አይፈቅድም። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። አንብቤዋለሁ። ሦስት ጊዜ መጠየቁ ራሱ ይበቃል ብዬ ነበር የፈረምኩት፤ የተሰረዘችው አንዲት ቃል ናት፣ ለአንዲት ቃል ብዬ ጉዳዩን አላዘገይም ብዬ።

ይህንን ነገርኳቸው። ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ስንት ሆነ?» ብቻ አሉ።

«ዘጠና ሰባት።»

ዘጠና አንድ የነበረው ዘጠና ሰባት ሆኗል። መጀመሪያ እፈልጋለሁ ብለው የነበሩት እንኳ፣ ያላፈሩት ጥቂቶቹ፣ ሦስት ጊዜ ሲጠየቁ ጥፋት የሠሩ መስሏቸው መልሳቸውን ቀይረዋል። በአገሩ ሁሉ ያው ነው። ከዚህ በኋላ ለሃያ ዓመት ማንም አይጠይቃቸውም። አቶ ይመር ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።

«ከፈለጉ ሊቀሩ ይችላሉ» አልኳቸው። «አመመኝ ይበሉ። ተጠባባቂዋ ታነብልዎታለች።»

«አላደርገውም» አሉ ሰዓዳ። «አባቴ ያያሉ። ልጃቸው ታማ ቀረች ሲባል ይደነግጣሉ።»

እናም አነበቡት። ከወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ ቃል በቃል፣ ክር መርፌ ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው ተጠንቅቀው። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የሐይቅ ወረዳ ሕዝብ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ፣ ሦስት ጊዜ አልፈልግም ብሏል። እኔም በዚህ አቋም ጸንቼ ረቂቁን እደግፋለሁ።» እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። ቢጫው እንዲበራ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አልበራም። ድምፅ ተሰጠ፤ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም። ኩምሳ ረጋሳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጥተው የሰዓዳን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ሕዝብ በእውነት ሲደመጥ እንዲህ ነው አሏቸው።

አዋጁ በሥራ ላይ የዋለው ሰኞ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ክበቡ ውስጥ ምሳ አዘን ሳለ የሰዓዳ ስልክ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ከፈቱት፤ እኔ ልነሣ ስል በእጃቸው አስቀሩኝ።

«ሰዓዳ! ልጄ! አየሁሽ እኮ» አሉ አቶ ይመር። ድምፃቸው የደስ ደስ አለው። «እንዴት አድርገሽ ነው የተናገርሽው! አንዲት ቃል ሳትጨምሪ፣ ልክ እኔ እንዳልኩት። ጎረቤቱ ሁሉ አባቷን አኮራች አለ። አላህ ያክብርሽ!»

«አሜን አባዬ» አሉ ሰዓዳ። «እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምንም አልል።» ከኋላቸው ሰሚዋ መድኃኒት እንዲወስዱ ስታስታውሳቸው ተሰማኝ። «እኔ ምልሽ ሰዓዳ፣ ይኼ ላቀው ዛሬ አልመጣም። ከጠዋት ጀምሬ በሩን አላስዘጋሁም። የዙህር ሶላት ደረሰ፤ እግሬንም አልታጠብኩ። አሞት ይሆን እንዴ? ለሰው አሳስቤ ላስጠይቀው ብዬ ደግሞ ሰው ማስቸገር ሆነብኝ።»

ሰዓዳ ወደ እኔ አዩ። ለዚህ የሚሆን ሰነድ አልነበረኝም።

«አባዬ» አሉ በመጨረሻ፤ «ሰው እንዲመጣ አልፈልግም ብለው የለም እንዴ? ሦስት ጊዜ ጠይቀዎት?»

«አዎ፣ ብያለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ ነገሩ ግር እንዳላቸው ያስታውቃል። «ታዲያ አልፈልግም ስላልኩ ይቀራል እንዴ?»